ኢብን አል-ሃይሰም፦ የብርሃንን መታጠፍ የመረመሩት ሊቅ

የአዋሽ ሸለቆ ሙቀት ለጾመኛ ቀላል አይደለም። በአዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ በሰመራ ቀኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ተምሩና ውሃው ቀርቦ፣ ልጅ አዋቂው ዓይኑን ወደ አድማስ፣ ጆሮውን ወደ አዛን ይጥላል። በዚያች ሰዓት በምዕራብ በኩል ቀልታ የምትታየው ፀሐይ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አላት። የታችኛው ጠርዟ ለጥ ያለውን ሜዳ ሲነካ በስሌት ከተሄደ ሙሉ አካሏ ከአድማስ በታች ወርዷል። እኛ የምናያት ብርሃኗ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ታጥፎ ስለሚደርሰን ነው። በእኛ አገር ይህ መታጠፍ የፀሐይን መጥለቅ በሁለት ደቂቃ ገደማ ያዘገየዋል። የኢፍጣር ሰዓት የተያያዘው ዓይን ከሚያየው መጥለቅ ጋር ነውና፣ የሶላት ሰዓት ሰሌዳ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ይህን መታጠፍ በስሌታቸው ውስጥ ያስገቡታል።

ብርሃን ከአንድ አካል ወደ ሌላው ሲሻገር የሚታጠፍበትን ምክንያት ከሺህ ዓመት በፊት በሙከራ ከመረመሩት መካከል ስማቸው ከፊት የሚጠራው ሙስሊም ሊቅ ኢብን አል-ሃይሰም ናቸው። አውሮፓውያን አልሃዘን እያሉ ይጠሯቸዋል። የእኚህ ሰው ሕይወት በዓባይ ወንዝ፣ በአንድ አስፈሪ ኸሊፋ እና በአል-አዝሃር መስጊድ ደጃፍ በኩል ያልፋል። የሥራቸው ፍሬ ደግሞ ዛሬ ዝናብንና የአየር ጠባይን ለማወቅ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት እስከሚያጠኑ ባለሙያዎች ድረስ ደርሷል።

ከበስራ ወደ ካይሮ

ሙሉ ስማቸው አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብን አል-ሐሰን ኢብን አል-ሃይሰም ነው። በ354 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በኢራቅ በስራ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ የግሪክ የሂሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ወደ ዓረብኛ ተተርጉመው በሙስሊሙ ዓለም ሊቃውንት እጅ የገቡበት፣ ሊቃውንቱም ማንበብ ብቻ ሳይሆን መመርመርና ማረም የጀመሩበት ነበር። ኢብን አል-ሃይሰም የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍና የበጥሊሙስን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ጠንቅቀው ያወቁት በዚህ ዓይነት የእውቀት አየር ውስጥ ሆነው ነው።

ታሪካቸውን ካቆዩልን ጸሐፊዎች መካከል ኢብን አል-ቂፍጢ እና ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ይገኙበታል። ሁለቱም የጻፉት ከሊቁ ሞት ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በነሱ ዘገባ መሠረት ኢብን አል-ሃይሰም በትውልድ አገራቸው የመንግሥት ሥራ ይዘው ነበር። ልባቸው ያለው ግን በእውቀት ላይ ነበርና ከሥራው ለመላቀቅ መንገድ ይፈልጉ ነበር። ዝናቸው እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ግብፅ ደረሰ።

በጊዜው ግብፅን ይገዛ የነበረው የፋጢሚዩ ኸሊፋ አል-ሃኪም ነው። አል-ሃኪም እውቀትን የሚወድ፣ በካይሮም የእውቀት ቤት ያቋቋመ ገዥ ነበር። በዚያው ልክ ደግሞ ቁጣው የማይገመት፣ ሹማምንቱን ዛሬ ሾሞ ነገ የሚያስገድል ሰው ነበር። ይህ ኸሊፋ ኢብን አል-ሃይሰም የዓባይን ውሃ ሲሞላም ሲጎድልም ለሕዝብ እንዲጠቅም አድርጎ መቆጣጠር እንደሚቻል መናገራቸውን ሰማ። የግብፅ ገበሬ ኑሮ በዓባይ ሙላት ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ነገሩ ለገዥው ትልቅ ነበር። ሊቁን ገንዘብ ልኮ አስጠራቸው፤ ሲደርሱም ራሱ ከካይሮ ወጥቶ በክብር ተቀበላቸው።

በዓባይ ዳር የተገኘው እውነት

ኢብን አል-ሃይሰም ከብዙ የግንባታ ባለሙያዎች ጋር ወንዙን ተከትለው ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገዳቸው ላይ የጥንት ግብፃውያን ያቆሟቸውን ግዙፍ ሕንፃዎች፣ የድንጋዩን አጠራረብና የልኬቱን ትክክለኛነት አዩ። ይህን ያህል ጂኦሜትሪ የሚያውቅ ሕዝብ ወንዙን መቆጣጠር የሚቻል ቢሆን ኖሮ ሳያደርገው አይቀርም ነበር የሚል ሐሳብ አደረባቸው። ከአስዋን በስተደቡብ ወንዙ ከዐለት ጋር እየተላተመ የሚወርድበት አል-ጀናዲል ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ ቦታውን ከየአቅጣጫው መረመሩ። ያሰቡት ነገር በዚያ ዘመን አቅም እንደማይሆንም አረጋገጡ።

አሁን ከፊታቸው ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ሥራውን ጀምሮ ዓመታትንና የሕዝብ ገንዘብን እያባከኑ ኸሊፋውን በተስፋ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ተመልሶ በዚያ አስፈሪ ገዥ ፊት ስሕተትን ማመን ነው። ኢብን አል-ሃይሰም ሁለተኛውን መረጡ። ካይሮ ተመልሰው ያሰቡት እንዳልሆነ ተናገሩ፣ ይቅርታም ጠየቁ። አል-ሃኪም ይቅርታውን የተቀበለ መሰለ፤ ሹመትም ሰጣቸው። ሊቁ ግን ሹመቱን የተቀበሉት ከፍርሃት እንጂ ከውዴታ አልነበረም። በማንኛውም ቀን ቁጣው ሊወርድባቸው እንደሚችል ያውቁ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊዎቹ እንደሚሉት በመጨረሻ ያገኙት መውጫ አእምሯቸውን የሳቱ መስሎ መታየት ነበር። ንብረታቸው በሞግዚት እጅ ሆነ፣ እርሳቸውም በቤታቸው ውስጥ ታግደው ቆዩ። በ411 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1021 አል-ሃኪም ከካይሮ ወጣ ብሎ ሳለ ደብዛው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ኢብን አል-ሃይሰም ጤነኛ መሆናቸውን ገለጡ፤ ንብረታቸውም ተመለሰላቸው። በአል-አዝሃር መስጊድ በር አጠገብ ባለች ጉልላት ያላት ክፍል ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብ የሚባል ነገር አለ። ኢብን አል-ሃይሰም የዓባይን ጠባይ የፈለጉት በአስዋን ዐለቶች መካከል ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ግን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ የሚመነጭ ነው። የወንዙ ሙላት የሚወሰነው ከውቅያኖስ ተነስቶ በእኛ ተራሮች ላይ በሚረግፈው የውሃ ተን ነው። ያንን ተን በሰማይ ላይ እንዳለ መለካት የሚቻልበት መንገድ የተገኘው ከሊቁ ዘመን ወደ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የመንገዱ አንድ ጫፍ ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው ባጠኑት በመታጠፍ ሕግ ላይ የቆመ ነው።

የእይታ መጽሐፍ

ኢብን አል-ሃይሰም በእርጅናቸው ዘመን የሚተዳደሩት በእጃቸው ጽሑፍ ነበር። በየዓመቱ የኤውክሊድን መጽሐፍ፣ የበጥሊሙስን አልመጀስጢ እና በሁለቱ መካከል የሚነበቡትን የሂሳብ ድርሳናት ይገለብጡ ነበር። ለዚህም 150 የግብፅ ዲናር ይከፈላቸው ነበር፤ በዚያው ዓመቱን ይገፉ ነበር። ከሹመት ርቀው፣ ከገዥ ደጅ ሸሽተው፣ በላባቸው የሚበሉ ሰው ሆኑ።

ከጻፏቸው በርካታ ድርሳናት ሁሉ የገነነው ኪታብ አል-መናዚር፣ ማለትም የእይታ መጽሐፍ ነው። ሰባት ክፍሎች አሉት። ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነገሮችን ስለሚነካ ነው ይሉ ነበር። ኢብን አል-ሃይሰም ይህን አልተቀበሉም። ፀሐይን ትክ ብሎ ያየ ሰው ዓይኑ የሚታመመው ከውጭ የሚገባ ነገር ስላለ ነው። ማየት የሚሆነው ብርሃን ከሚታየው ነገር ተነስቶ ወደ ዓይን ሲገባ መሆኑን በማስረጃ አስረዱ።

ማስረጃው ደግሞ ማንም ሊደግመው የሚችል ነበር። ጨለማ ክፍል ከትንሽ ቀዳዳ ፊት ለፊት ብዙ መብራቶች ይደረደራሉ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ መብራት ብርሃን በየቦታው ያርፋል። አንዱ መብራት ሲከደን የእርሱ ብርሃን ብቻ ይጠፋል፤ የሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። በዚህም ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ፣ በአንዲት ቀዳዳ ሲያልፍም እንደማይደባለቅ አሳዩ። ለማንኛውም ትልቅ ስም ሳይንበረከኩ፣ የበጥሊሙስን ሥራ እንኳ እየጠቀሱ የማይስማሙበትን ነጥብ በነጥብ የጻፉበት ድርሳንም አላቸው።

የመጽሐፉ ሰባተኛ ክፍል የሚናገረው ስለ መታጠፍ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ወይም ወደ መስታወት ሲገባ መንገዱን ይቀይራል። ኢብን አል-ሃይሰም ይህንኑ ወደ ሰማይ አሻገሩት። ከዋክብት ከአድማስ አጠገብ ሲሆኑ የሚታዩበት ቦታ ከእውነተኛ ቦታቸው ጥቂት እንደሚለይ፣ ምክንያቱም ብርሃናቸው ወደ አየር ሲገባ መታጠፉ እንደሆነ አስረዱ። ለሥነ ፈለክ ሰዎች ይህ ልኬታቸውን የሚያበላሽ ጣጣ ነበር። እርሳቸው ግን ጣጣውን ራሱን የምርምር ጉዳይ አደረጉት።

ጨረቃ አድማስ ላይ ስትሆን ገዝፋ የምትታየው ለምን እንደሆነም ጠይቀዋል። ዋናውን ምክንያት ያገኙት በሰማይ ሳይሆን በሰው አእምሮ ነው። በእኛና በአድማሱ መካከል የሚታዩት ዛፎች፣ ቤቶችና ኮረብቶች ጨረቃዋን ሩቅ አድርገን እንድንገምት ያደርጉናል፤ ሩቅ ናት ብለን ስለምናስብም ትልቅ ሆና ትታየናለች። ረመዳን ሲጋመስ ምሽት ላይ ሙሉዋን ጨረቃ የሚያዩ ልጆች ይህን ጥያቄ መጠየቃቸው አይቀርም።

ቂብላን በስሌት ስለማግኘትም ጽፈዋል። ይህም ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። መካ ከአዋሽ ከተማ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ከሰመራ ደግሞ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ትላለች። ዛሬ ስልካችን በአንድ ጊዜ የሚነግረንን አቅጣጫ እነርሱ ያገኙት በማዕዘንና በቁጥር ለፍተው ነው።

የፈጅር ብርሃንና የአየር ከፍታ

ፀሐይ ሳትወጣ የፈጅር ብርሃን፣ ከጠለቀችም በኋላ እስከ ኢሻ የሚቆየው ወጋገን የሚመጣው ፀሐይ ከአድማስ በታች ሆና ከፍ ያለውን አየር ስለምታበራው ነው። አየር ባይኖር ፀሐይ እንደጠለቀች ወዲያው ድቅድቅ ጨለማ ይሆን ነበር። ከዚህ ተነስቶ ፀሐይ ምን ያህል ከአድማስ በታች ስትወርድ ወጋገኑ እንደሚጠፋ ያወቀ ሰው የአየሩን ከፍታ ማስላት ይችላል። ይህን ስሌት የያዘ ድርሳን ለዘመናት በኢብን አል-ሃይሰም ስም ሲታተም ኖሯል። በኋላ የተደረገ ምርመራ ግን ደራሲው በዚያው አምስተኛው መቶ ዓመተ ሒጅራ በአንደሉስ የኖሩት ኢብን ሙዓዝ አል-ጀያኒ መሆናቸውን አሳይቷል። እርሳቸው ያገኙት ከፍታ 52 ማይል ገደማ ነበር። ሚዛንም ፊኛም ወደ ሰማይ ባልወጣበት ዘመን፣ ለፈጅርና ለኢሻ ሶላት ከሚጠበቀው ብርሃን ተነስቶ የአየርን ከፍታ መለካት ተችሎ ነበር።

ኢብን አል-ሃይሰም በ430 ዓመተ ሒጅራ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1040 ገደማ በካይሮ አረፉ። መጽሐፋቸው ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ። በሙስሊሙ ዓለም ደግሞ ፋርሳዊው ከማሉዲን አል-ፋሪሲ መጽሐፉን አብራርተው፣ ቀስተ ደመና በውሃ ጠብታ ውስጥ በሚታጠፍ ብርሃን እንደሚፈጠር አሳዩበት። የተባበሩት መንግሥታት 2015ን የብርሃን ዓመት ብሎ ሲያከብር ኢብን አል-ሃይሰምም አብረው ተዘክረዋል።

መታጠፉ ዛሬ ምን ይነግረናል?

የሬዲዮ ሞገድም እንደ ብርሃን ነው፤ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል፣ ይዘገያል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከመሬት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ ሰዓቱን የያዘ ምልክትም ያለማቋረጥ ይልካሉ። መሬት ላይ ያለው መቀበያ ምልክቱ የወሰደውን ጊዜ ለክቶ ቦታውን ያውቃል። አየሩ ምልክቱን ስለሚያዘገየው ግን ልኬቱ ይዛባል። በባሕር ጠለል ላይ ላለ መቀበያ፣ ከአናት በላይ ካለ ሳተላይት የሚመጣ ምልክት በ2 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የራቀ ያህል ሆኖ ይደርሳል።

ከዚህ መዘግየት አብዛኛው የሚመጣው ከደረቁ አየር ነው፤ እሱም የአየሩ ግፊት ከታወቀ ይሰላል። እሱ ሲቀነስ የሚቀረው ከውሃ ተን የመጣው ነው። 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትርፍ መዘግየት ሲኖር፣ ከመቀበያው በላይ በሰማይ ያለው ተን ሁሉ ቢረግፍ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ቦታ ለማወቅ የተተከለ መሣሪያ በሰማይ ላይ ያለውን ውሃ ቀንም ሌሊትም የሚለካ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ የመግሪብን ፀሐይ ያስታውሳል። ዝቅ ብላ የምትዞር ሳተላይት ላይ መቀበያ ይጫናል። ከእርሷ አንጻር የጂፒኤስ ሳተላይቱ ከምድር ጫፍ ጀርባ ሲጠልቅ፣ ምልክቱ አየሩን ሰንጥቆ ታጥፎ ይደርሳታል። ከመታጠፉ መጠን የአየሩ ሙቀትና እርጥበት ከላይ እስከ ታች ይሰላል። ይህ ዘዴ መጀመሪያ የተሠራበት እ.ኤ.አ. በ1965 በማርስ ላይ ነው፤ በጂፒኤስ አማካይነት ለራሳችን ምድር የተሞከረው በ1995 ነው። በ2006 ኮስሚክ የተባሉ ስድስት ሳተላይቶች መጠቁ። በ2019 የተከተሏቸው ስድስቱ ደግሞ የሚዞሩት በምድር ወገብ ዙሪያ ነውና የእኛንም ሰማይ ያያሉ። የዓለም ትላልቅ የአየር ትንበያ ማዕከላት ይህን መረጃ በየቀኑ ይጠቀሙበታል።

በአፋር ምድር

በአፋር የጂፒኤስ መቀበያዎች የተተከሉት መጀመሪያ ለሰማይ ሳይሆን ለመሬት ነበር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዞ ሲሰነጠቅ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው የምድሪቱን እንቅስቃሴ በእነዚህ መሣሪያዎች ተከታትለዋል። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነዋሪዎችን ያፈናቀለው የመሬት መንቀጥቀጥም የጉዳዩን ክብደት አሳይቷል። ለመሬት አጥኚው የአየሩ መዘግየት ተቀንሶ የሚጣል ስሕተት ነው። በዚያው መረጃ ግን ኢትዮጵያውያንና ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ሰማይ ያለው የውሃ ተን ከቦታ ቦታና ከወቅት ወቅት እንዴት እንደሚለዋወጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ጣጣ የነበረው ነገር እንደ ኢብን አል-ሃይሰም ዘመን ዳግም እውቀት ሆነ።

ይህ ለአዋሽ ሸለቆ ቅንጦት አይደለም። አዋሽ ከደጋው ተነስቶ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያበቃ ወንዝ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ የሚደርሰው ሰማዩ ጠራ ብሎ ከሚታየው አርብቶ አደር ዘንድ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሙላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋር ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ዝናቡ ሲቀር ደግሞ ግመሉም ፍየሉም ያልቃል። አፋሮች መንገደኛ ሲያገኙ ዳጉ ተቀምጠው ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ ይጠያየቃሉ፤ የሰሙትንም ሳያዛቡ ያቀብላሉ። የሳተላይቱ መረጃም ብቻውን ትንበያ አይሆንም። ከምድር ጣቢያዎች መረጃ ጋር ተዳምሮ፣ በባለሙያ ተመርምሮ፣ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋና በጊዜው ሲደርስ ነው ሕይወት የሚያድነው።

ከኢብን አል-ሃይሰም ሕይወት ለቤተሰብ የሚተርፈው ትምህርት ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። እርሳቸው የወንዙን ነገር ራሳቸው ሄደው አዩ፤ ያዩት ካሰቡት ጋር ሳይገጥም ሲቀር ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ጥለው እውነቱን ተናገሩ። ነፃነታቸውን ለዓመታት አጡ እንጂ ሕዝብን በሐሰት ተስፋ አላደከሙም። ረመዳን ምላስን ከሐሰት የመጠበቅ ወር ነው። ዛሬ ማታ ልጆች ከተምሩ ፊት ተቀምጠው ፀሐይዋን ሲጠብቁ፣ ወላጆች የዚህን ሊቅ ታሪክ ቢነግሯቸው አዛኑ እስኪሰማ ጥሩ ስንቅ ይሆናቸዋል። አላህ ለኢብን አል-ሃይሰም ይዘንላቸው፤ ጾማችንንም ይቀበለን። ረመዳን ከሪም።